ሁሉም አምስት

ዴልፊና ፓልማሬስ አንዱን ጫማ አጥልቃ ሌላውን በእጇ እንደያዘች ከመጋረጃው ወዲያ ስሟ ሲነሳ ሰማች። የነርሶቹ ልብስ መቀየሪያ ጠባብ ነው፤ በአንድ ወገን የብረት ቁም ሳጥኖች ተደርድረዋል፣ መሐል ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በአሮጌ የታካሚ መጋረጃ የተከለለች ስፍራ አለች። አንጋፋዎቹ ነርሶች የሚለባብሱት እዚያች ጥግ ነው፤ ወጣቶቹ አግዳሚው ላይ እንደ ልባቸው ይሆናሉ። ሰዓቱ ገና ከጧቱ አስራ ሁለት ስላልሞላ ከመጋረጃው ጀርባ ሰው ይኖራል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

«እኔማ ሃያውንም ጥያቄ አምስት አምስት ነው የሞላሁላት» አለች ክሪስቴሊን፣ ሥራ ከጀመረች ዓመት ያልሞላት ልጅ። «ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በምን አንጀቴ ከአምስት በታች ልስጣት?»

«አንሶላ ክፍል ገብተሽ ስታለቅሺ የዋልሽበትን ቀንስ?» አለቻት ጓደኛዋ ማርጆሪ።

«እሱንም አምስት።»

«እኔ የአንቺን አስቀምጬ ነው የገለበጥኩት። ጥያቄውን ማን ያነባል?»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም፤ ዴልፊናን ያሳረራትም ይኸው ነው። ክፋት ቢሆን መጋረጃውን ገልጣ ትወጣ ነበር። ደግነትን ግን ምን ብለው ይቆጡታል? ቁም ሳጥኖቹ እስኪዘጉ፣ የልጆቹ እርምጃ ኮሪደሩ ላይ እስኪርቅ ድረስ ጫማዋን ይዛ ቆመች።

በዚህ የኢሎይሎ ከተማ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ለአዲስ ነርስ ደም ሥር እንዴት እንደሚፈለግ፣ አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ ቆዳው ሳይላጥ እንዴት እንደሚገላበጥ የምታሳየው እሷ ናት፤ ለዚህ ግን ማዕረግም ተጨማሪ ደመወዝም የላትም። በከተማው ያለው የነርሶች ኮሌጅ ሊቀጥራት ፈልጎ ነበር፤ ደንቡ ግን ሁለተኛ ዲግሪ የሌለው ሰው አያስተምርም ይላል። ስለዚህ ማኒላ ካለ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የነርሲንግ መምህርነት መማር ከጀመረች ሁለት ዓመት ተኩል ሆናት። ከሥራ ስትመለስ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ትከፍታለች፤ ጎረቤት ዶሮ ሲጮህ፣ የባሏ እናት ቴሌቪዥን ሲከፍቱ፣ እሷ ስለ ትምህርት አሰጣጥ ዘዴ ታነባለች። ኮምፒውተሩን የገዛላት ባሏ ኔስቶር ነው፣ ከመጨረሻው የመርከብ ጉዞው በፊት። አሁን የቀራት የመመረቂያ ጥናቱ ብቻ ነው። የኮሌጁ ዲን ቦታውን እስከ ሰኔ እንደሚይዙላት ቃል ገብተውላታል፤ ከሰኔ ካለፈ ደጅ የሚጠኑ ሌሎች ሁለት ሰዎች አሉ።

ጥናቷ አንጋፋ ነርሶች ጀማሪዎችን እንዴት እንደሚያርሙ የሚመረምር ነው። «ስሳሳት በታካሚ ፊት አያዋርዱኝም» የሚል ዓይነት ሃያ ዓረፍተ ነገር አለው፤ በየአንዳንዱ ፊት ከአንድ እስከ አምስት የተጻፈባቸው ሳጥኖች። አንድ ማለት ሐሰት ነው ማለት ነው፤ አምስት ደግሞ ሁልጊዜም እውነት ነው ማለት። ስም አይጻፍም። አርባ ቅጽ በተነች፤ አርባውም በሁለት ቀን ተሞልቶ ተመለሰ። ይህ ራሱ ሊያስጠረጥራት ይገባ ነበር። ቁጥሩን የሚሠራላት ባለሙያ ትናንት የላከው መልስ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ከስምንት መቶ መልስ ሦስቱ ባዶ፣ የቀሩት በሙሉ አምስት፤ ከዚህ ምንም ማውጣት አይቻልም። ከሥሩ የአማካሪዋ የዶክተር ቪላሩዝ ቃል ነበር። ዛሬ ከቀኑ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ቢያንስ አስር በእውነት የተሞላ አዲስ ቅጽ ካመጣች በዚያ መነሻነት ይሞከራል፤ ካልሆነ ጥናቱን ከዚህ ዙር አውጥታ በሚቀጥለው መንፈቅ እንደገና ትመዘገባለች። በሚቀጥለው መንፈቅ ማለት ሰኔ ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ትናንት ባለሙያው የተሳሳተ መስሏት ነበር። አሁን ገባት። ነርሲንግ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ሁሉ ባለ አምስት ሳጥን ወረቀት ያውቃል፤ በየመንፈቁ መጨረሻ ተማሪ አስተማሪውን የሚመዝንበት ነው። ነጥቡ ዝቅ ካለ የአስተማሪው ውል አይታደስም ይባላል፤ ስለዚህ ተማሪ የሚጠላውንም አስተማሪ አምስት ሰጥቶ ይወጣል፤ ከሰው ጉሮሮ ላይ ማን ይነጥቃል? ዴልፊናም በዕድሜያቸው እንዲሁ አድርጋለች። ልጆቹ የእሷን ወረቀት ሲያዩ የእሷ ውጤት መስሏቸዋል። «ማም» እያሉ የሚያከብሯት ዴልፊና እንድታልፍ፣ ያውም ባሏ ሞቶባት ሳለ፣ አርባ ሰው ተባብሮ ጥናቷን ገደለላት።

የክፍሉ ኃላፊ ማም ቤቤንሲያ ነገሩን ስትሰማ በሳቅ የጧቱን ቡናዋን ልትተፋው ምንም አልቀራት። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ነው የተቀጠሩት፤ ቤቤንሲያ ኃላፊ የሆነችው ሳቂታ ስለሆነች ነው ይላሉ የሚያሟት ሰዎች።

«ይህም ችግር ሆኖ ነው ፊትሽን ያጠቆርሽው?» አለቻት። «ወረቀቱን ወዲህ በይ። ለአንዱ ሦስት፣ ለአንዱ አራት፣ ለዚያች ለሰነፏ ሁለት እያልኩ ምሳ ሳይደርስ እጨርስልሻለሁ።»

«እውነቱን ነው የምፈልገው ቤቢ።»

«እውነቱ ምን ያደርግልሻል? እሱን እንደሆነ እኔም አንቺም እናውቀዋለን።»

ዴልፊና ወረቀቷን ይዛ ወጣች። ተረኞቹ ሲረካከቡ ጠብቃ በፈረቃው ያሉትን አሥራ ሁለት ወጣት ነርሶች መድኃኒት መደርደሪያው ጋ ሰበሰበቻቸውና በተቻላት መጠን ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ወረቀቱ የእሷ ውጤት እንዳልሆነ፣ ማን እንደሞላው ማንም እንደማያውቅ፣ አምስት ብቻ ከሆነ ጥናቱ እንደሚወድቅ፣ እሷን የሚረዳት የደረሰባቸውን እንደደረሰባቸው ቢጽፉ ብቻ እንደሆነ ነገረቻቸው። እየተናገረች ድምፅዋ እየከረረ መሄዱ ለራሷም ተሰማት። ልጆቹ አንገታቸውን ሰበር አድርገው «እሺ ማም» አሉ፣ ሁሉም አንድ ላይ፣ ልክ የታካሚ አልጋ ቁጥር ተሳስተው እንደተያዙ ሁሉ። አዲሶቹን ቅጾች አደለቻቸው። ማርጆሪ ወረቀቱን በሁለት እጇ ነው የተቀበለችው።

ረፋዱ ላይ ክሪስቴሊንን አንሶላ ክፍሉ ደጃፍ ላይ አገኘቻት። ልትጠይቃት አላሰበችም ነበር፤ ልጅቷ ግን የተጣጠፈ አንሶላ ታቅፋ መንገድ ልትለቅላት ግድግዳ ላይ ስትለጠፍ ጥያቄው ከአፏ አመለጠ።

«እዚህ ገብተሽ ያለቀስሽ ቀን ማን ነበር ያስለቀሰሽ?»

ክሪስቴሊን ፊቷ አመድ ሆነ። ማን እንደነገራት አልጠየቀችም። ያን ቀን ራሷን አሟት እንደነበር፣ ጧት ሳትበላ እንደመጣች፣ የአየሩም ወበቅ እንደሆነ አከታትላ ተናገረች። ማም ቤቤንሲያ ናት ወይ ስትባል ራሷን ነቀነቀች፤ አዎ ይሁን አይደለም አይለይም።

«እኔ ነኝ?»

«ማም፣ ሰባት ቁጥር እየጠሩኝ ነው» አለችና አንሶላውን እንደታቀፈች ሄደች። ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ ያሉት ሽማግሌ በዚያ ሰዓት አፋቸውን ከፍተው ተኝተው ነበር። ዴልፊና በተከፈተው በር አየቻቸው። ቆማ አሰበች። ያን ቀን ማንን ምን እንዳለች ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። በሳምንት ስንት ነገር ትላለች። የባሰውም እሱ ነው፤ የተናገረችው ከእሷ ወጥቶ ጠፍቷል፣ ልጅቷ ጋ ግን አንድ ቦታ ተቀምጧል፤ ወረቀቱ ላይ ሲደርስ ደግሞ አምስት ይሆናል።

ስምንት ሰዓት ላይ ፈረቃው ሲያልቅ ቅጾቹ የነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ጠበቋት። ከላያቸው በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ የሩዝ ኬክ ተቀምጧል፣ አዋጥተው የገዙላት። ኬኩን ወደ ጎን አድርጋ የመጀመሪያውን ቅጽ አየች። አራት፣ አራት፣ አራት፣ እስከ ሃያኛው ድረስ። ሁለተኛውም አራት ነው። ሦስተኛውም። አሥራ ሁለቱንም ገለጠች። አንድ ሰው ብቻ አሥራ አንደኛው ላይ ሦስት ጽፎ ነበር፤ እሱንም ሰርዞ አራት አድርጎታል።

«ማም፣ አምስት በዛ ስላሉ እኮ ነው» አለች ማርጆሪ ቦርሳዋን እያነገተች። «ከአራት በታች ደግሞ እጃችን እንዴት ይሂድ?»

ዴልፊና አመሰገነቻት። ሌላ ምን ትላለች? ወረቀቱንም ኬኩንም በአንድ ቦርሳ ከታ ወጣች። ጂፕኒው ላይ አሥራ ሦስት ፔሶ ከፍላ፣ ከአንዲት አሳ ሻጭና ከሦስት ተማሪዎች መሐል ተጨናንቃ፣ ሰፈሯ ሃሮ እስኪደርሱ ድረስ በልቧ ከአርባ ሰው ጋር ተሟገተች። ጠላት ቢኖራት ኖሮ ዛሬ በጠቀማት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታ አንድ ደፋር ጠላት አላፈራችም።

ቤት ስትደርስ የባሏ እናት፣ ሰፈሩ ሁሉ ናናይ ፑሪንግ የሚላቸው፣ በር ላይ ተቀምጠው ሩዝ ይለቅማሉ። ሳሎኑ ውስጥ ሸርማይን ሸሚዝ ትተኩሳለች። ሸርማይን የኔስቶር የታላቅ ወንድም ልጅ ናት። አባቷ ገጠር ባለ ሦስት እግር ታክሲ ይነዳል፤ ነርሲንግ ለመማር የመጣች ጊዜ ነው እዚህ ቤት የገባችው፣ ከዚያም እዚሁ ቀረች። ተመርቃ በዴልፊና ክፍል ስድስት ወር ያህል ሠራች፤ ከዚያ ለቃ የውጭ አገር ደንበኞች ስልክ የሚመልስ ድርጅት ውስጥ ገባች። ደመወዙ ይሻላል አለች። ናናይ ፑሪንግ የልጅቷ ትምህርት ለከንቱ ሆነ ብለው አንድ ሳምንት አጉረመረሙና ተዉት። ዴልፊና ምንም አላለችም። ሁለቱ በአንድ ቤት ይኖራሉ፣ በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ፤ ጨው አቀብዪኝ፣ ውሃው መጥቷል፣ ናናይ መድኃኒታቸውን ወስደዋል፤ ከዚህ የዘለለ ነገር ሳይነጋገሩ ወራት አልፈዋል። ቤቱ ጸጥታ ለምዷል። የምግብ ጠረጴዛው ራስ ላይ ባለችው ወንበር ዴልፊና ወረቀቶቿን ትከምራለች፤ ማንም አይቀመጥባትም፤ ለምን ብሎ የጠየቀም የለም።

ዴልፊና ኮምፒውተሯን ከፍታ ቅጾቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ናናይ ፑሪንግ የሩዙን ወንፊት ይዘው ገቡና ከትከሻዋ በላይ ተመለከቱ።

«ትናንት ሁሉም አምስት ብለሽ ተናደድሽ። ዛሬስ ስንት ሰጡሽ፣ ልጄ?»

«አራት።»

«ታዲያ አራትም ጥሩ ነው እኮ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና አራት አግኝቶ አያውቅም።»

ዴልፊና ፈገግ ማለት ነበረባት፤ አልሆነላትም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ስልኳ ጮኸ፤ ቤቤንሲያ ናት። መልእክቱ እንዲህ ይላል፤ አሥር ቅጽ ሞልቼልሻለሁ፣ ሁለትም ሦስትም አለበት፣ አንዱ ላይማ ራሴን እስኪያመኝ ክፉ ሆኜብሻለሁ፣ አራት ዓይነት እስክሪብቶ ነው የተጠቀምኩት፣ ፎቶውን ልላክልሽ? ዴልፊና ስልኩን አስቀመጠች። አነሳችው። ዶክተር ቪላሩዝ ማኒላ ናቸው፤ ቤቤንሲያን አያውቋት፣ እስክሪብቶዎቹን አያውቋቸው። አስር ቅጽ ነው ያሉት፣ አስር ቅጽ ደግሞ ይኸው አለ። በሰኔ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ሃያ ልጆች ፊት ትቆማለች፤ ስለ ታማኝነት የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ቶሎ ታልፈዋለች። «ላኪልኝ» ብላ ጻፈች፤ ጣቷ ግን መላኪያው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ማን ነው ይሄን ሁሉ አራት የሞላው?» አለች ሸርማይን። ካውያውን አቁማ ወደ ጠረጴዛው እየተመለከተች ነበር። ስለ ወረቀቱ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው።

«የክፍሉ ልጆች።»

«ዋሽተዋል።»

«አውቃለሁ።»

ሸርማይን ሸሚዙን ገለበጠችና ክንዱን ዘረጋች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «እኔ ልሙላው?» አለች።

ዴልፊና ወዲያው መለሰች፤ መልሱ አፏ ላይ የተዘጋጀ ነበር። «አንቺ አሁን እዚያ አትሠሪም። መስፈርቱ በአሁኑ ጊዜ በክፍሉ የሚሠሩ ነው የሚለው።»

«መስፈርቱን ማን ጻፈው?»

ካውያው ትፍ አለ። ናናይ ፑሪንግ ከሩዙ ላይ አንዲት ጠጠር አንስተው መሬት ላይ ጣሉ። ዴልፊና መስፈርቱን የጻፈችበትን ቀን አስታወሰች። ሦስት መጽሐፍ አገላብጣ፣ ቃሉን ሁለት ጊዜ ቀይራ፣ «በአሁኑ ጊዜ በሥራ ላይ ያሉ» የሚለውን ስትመርጥ ደስ ብሏት ነበር፤ ንጹሕና ለመቆጣጠር የሚመች መስሏት። የለቀቁትን ሁሉ በአንድ መስመር ከደጅ ዘግታባቸዋለች። በአራት ዓመት ከክፍሉ አሥራ አራት ልጆች ለቀዋል። አንዷ ፊቷ ቆማ ሸሚዝ ትተኩሳለች።

ኔስቶር ከተቀበረ በሦስተኛው ሳምንት ነበር። ይህን እንደ ምክንያት ማንም አላነሳውም፤ እሷም አንስታው አታውቅም። ሸርማይን ለአንድ ሰውዬ ካኑላ ስታስገባ ደም ሥሩን ሳተችው፤ ዴልፊና ገብታ መርፌውን ከእጇ ቀማች፤ የሰውዬው ሚስት፣ ሁለት ልጆቹና ሦስት የነርሲንግ ተማሪዎች ባሉበት፣ «ያሳለፈሽ ትምህርት ቤት የአባትሽን ገንዘብ ይመልስለት» አለቻት። ከዚያ ውጪ ብላ ከክፍሉ አስወጣቻት። የክሪስቴሊንን ቀን ረስታዋለች፤ ይህችን ግን ቃል በቃል ታውቃታለች።

«እኔ» አለች ዴልፊና። «መስፈርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አንድ ባዶ ቅጽ ከወረቀቶቹ መሐል ስባ አወጣችና መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አኖረችላት። ሸርማይን ካውያውን ነቅላ ወረቀቱን ቆማ አነበበችው፤ ሃያውንም፣ እስከ መጨረሻው። ምናልባት ከልቡ ያነበበው የመጀመሪያው ሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም። አንድም ሳጥን አልነካችም። ወረቀቱን ገለበጠችና ነጩ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመረች። ዴልፊና ማየት ስላልፈለገች ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች፤ ገጹ ላይ ምን እንዳለ ግን አንድ ቃል አላነበበችም። ከውጭ የሸርማይን ድርጅት ሠራተኞቹን የሚሰበስብበት ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋ። አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ሸርማይን እየጻፈች ነው። ሁለተኛ ነፋ። ሸሚዟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንስታ፣ ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ከወጣሁ በኋላ ያንብቡት» አለች።

ጽሑፉ ግማሽ ገጽ አይሞላም። የተናገሩኝን ቃል አሁን በትክክል አላስታውሰውም ይላል። ስለ አባቴ ገንዘብ የሆነ ነገር ነበር። ያን ቀን ከሥራ ስንወጣ አብረን ጂፕኒ ተሳፈርን፤ የሁለታችንንም እርስዎ ከፈሉ። ቦታ ስላልነበረ ጉልበታችን ይነካካ ነበር። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ራት ላይ የዓሣውን ሆድ ቆርጠው ለእኔ አወጡልኝ፤ ዝም ብለው። በማግስቱ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። በሦስተኛውም ቀን ጠበቅኩ። ሐዘን ላይ ስለሆኑ ነው ብዬ አርባ ቀን ሰጠሁዎ። ከዚያ መጠበቁን ተውኩ፤ ሥራውን የተውኩት ግን ከአምስት ወር በኋላ ነው። ደመወዝ ያልኩት ናናይ እንዳይጠይቁኝ ነው። እርስዎ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። ይህን የሚጠይቅ ሳጥን ወረቀቱ ላይ የለም።

ዴልፊና ወረቀቱን እንደነበረ አጠፈችው። ዓይኗ አልረጠበም፤ እሱን ከዓመት በላይ ተለማምዳዋለች። ቁጭ ብላ በአፍንጫዋ ተነፈሰች፣ ታካሚዎቿን እንደምታስተነፍሰው።

«ስንት ሰጠችሽ?» አሉ ናናይ ፑሪንግ።

«ቁጥር አልሰጠችኝም፣ ናናይ።»

ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ሳበችና ለዶክተር ቪላሩዝ ጻፈች። አርባውንም ሆነ ዛሬ የመጡትን አሥራ ሁለት ቅጾች ከጥናቱ እንዳወጣቻቸው፣ መስፈርቱ ሲነደፍ ስህተት እንደነበረበት፣ ስህተቱም የእሷ እንደሆነ፣ መጠየቅ ያለባቸው ከክፍሉ የለቀቁት ነርሶች እንደሆኑ፣ በሚቀጥለው መንፈቅ እንደገና እንደምትመዘገብ ጻፈች። አንድ ጊዜ አንብባ ላከችው። ከዚያ ጊዜ ሳታጠፋ ለኮሌጁ ዲን አጭር መልእክት ላከች፤ እስከ ሰኔ አልደርስም፣ ስለጠበቁኝ አመሰግናለሁ። ለቤቤንሲያ የጻፈችውን «ላኪልኝ» ፊደል በፊደል አጠፋችና «ቤቢ፣ ቅደጃቸው» ብላ ላከችላት። ሁለት ዓመት ተኩል የያዘችው ነገር ከእጇ የወጣው በስድስት ደቂቃ ነው። ተናደደች። በልጆቹ ደግነት ተናደደች፣ በመስፈርቱ ተናደደች፣ ለአርባ ሰው ወረቀት በትና ይህችን አንዷን ለማናገር ኮምፒውተርና ዩኒቨርሲቲ ባስፈለጋት በራሷ ተናደደች።

«መኪናው ሄደ?» ብላ ጠየቀች።

ናናይ ፑሪንግ አንገታቸውን በበሩ አሰገጉ። «የት ይሄዳል? ዳቦ ቤቱ ጋ ቆሟል። ያቺን ሁልጊዜ የምትዘገየዋን እየጠበቀ ነው።»

ዴልፊና በቤት ነጠላ ጫማዋ፣ የሥራ ሱሪዋን እንደለበሰች ወጣች። ፀሐዩ ገና አልበረደም፤ አስፋልቱ ከነጠላ ጫማው ሥር ይለጠፋል። ሚኒባሱ ውስጥ ዘጠኝ ወጣቶች ጆሯቸው ውስጥ ማዳመጫ ሰክተው ተቀምጠዋል። ሸርማይን በመስኮት በኩል ናት። ዴልፊና መስታወቱን በጣቷ አንኳኳች፤ ሸርማይን ደንግጣ ከፈተችው።

«ናናይ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆኑም። የረሳሽውን ቃል ልነግርሽ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አላወቀችበትም፤ የበሽተኛ ክፍል ድምፅ ነው ያላት። «ያሳለፈሽ ትምህርት ቤት የአባትሽን ገንዘብ ይመልስለት ነው ያልኩሽ። በሰው ፊት ነው ያልኩሽ።»

ከኋላ ያለ አንድ ልጅ ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ። ቀጥሎ አጠገቡ ያለችው። የሸርማይን አንገት ቀላ።

«አክስቴ፣ እባክዎ፤ ሰው እየሰማ ነው።»

«ያን ጊዜም እየሰማ ነበር።» ዴልፊና የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። «አንቺን ካስወጣሁሽ በኋላ ያን ደም ሥር እኔም ሳትኩት። የሰውዬው ሚስት ቆማ እያየችኝ። ያገኘችው ቤቤንሲያ ናት፤ ተጠርታ መጥታ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። መጀመሪያ መናገር የነበረብኝ ለአንቺ ነበር፣ እዚያው ጂፕኒው ውስጥ።»

የዘገየችው ልጅ ዳቦ እየበላች ሮጣ መጣች፤ ይቅርታ እያለች ሰዎቹን አልፋ ገባች። ሹፌሩ ዴልፊናን በመስታወት አያት፣ ትንሽ ጠበቃት፣ ከዚያ በሩን ስቦ ዘጋና ማርሽ አስገባ። ዴልፊና እጇን ከመስኮቱ አነሳች። ሚኒባሱ ከዳቦ ቤቱ ጥግ ሲታጠፍ ሸርማይን ጭንቅላቷን በመስኮት አውጥታ ወደ ኋላ ጮኸች።

«ስንት ጊዜ ሳቱት?»

ዴልፊና መንገዱ መሐል ቆማ ሁለት ጣቷን አነሳች። ልጅቷ በደንብ ታያት ዘንድ ክንዷን ዘርግታ፣ መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ ሳታወርድ ያዘችው።